ጎጆ፣ ግንብና ፋብሪካ፦ ሕንፃ ከመሣሪያና ከተፈጥሮ የሚማረው ምንድን ነው?



በቂርያት ጋት የምንኖር ሰዎች የኢንዱስትሪ ቀጠናውን የምናውቀው በሥራ ሰዓት ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ የሚሳፈሩ አባቶችና እናቶች፣ የሌሊት ተራ ጨርሰው ዐይናቸውን እያሹ የሚመለሱ ወጣቶች በር በበር ያውቁታል። ነገር ግን ከሕንፃዎቹ ፊት ቆም ብሎ «ይህ ለምን እንዲህ ሆኖ ተሠራ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። ሕንፃ የሚገባበትና የሚወጣበት እንጂ የሚነበብ ነገር አልመሰለንም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ሕንፃዎችን እንደ መጽሐፍ ለማንበብ እሞክራለሁ። የማነባቸውም ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የሳይንስ መሣሪያና ተፈጥሮ ለሕንፃ ነዳፊ ምን ያስተምሩታል የሚለው ነው።

ጉዳዩ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ እንዳይመስል ምክንያቴን ላስቀድም። ከጥቂት ጊዜ በፊት የማኅበረሰባችን ቅርስ የሚታይበት አንድ አዳራሽ ጎብኝቼ ነበር። ከመግቢያው አጠገብ በጀሶ የተሠራና በፕላስቲክ ሣር የተከደነ ጎጆ ቆሟል። አንድ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ አያቱን ይዞ ቀረበና «አያቴ፣ ጣሪያው ለምን ሾጠጠ?» ብሎ ጠየቃት። እርሷም «ልጄ፣ የክረምቱ ዝናብ ሳይገባ ቁልቁል እንዲወርድ ነዋ» አለችው። ልጁ ቀና ብሎ የአዳራሹን ኮንክሪት ጣሪያ አየና «እዚህ ግን ዝናብ የለም» አላት። አያትየዋ ዝም አለች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ዝምታ ከኅሊናዬ አልጠፋም።

ልጁ ትክክል ነበር። አያቱም ትክክል ነበረች። የተሳሳተው ጎጆው ነው፤ የጎጆን መልክ ይዞ የጎጆን ሥራ ጥሎታልና። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ነው፦ ከመሣሪያም ሆነ ከተፈጥሮ መማር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መልኩን መቅዳት ሲሆን ሁለተኛው ሥራውን መረዳት ነው። መልኩን የቀዳ ሕንፃ ለጊዜው ዐይን ይማርካል፤ ሥራውን የተረዳ ግን ያስተምራል።

ይህን ልዩነት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየን ሕንፃ በጀርመን አገር በፖትስዳም ከተማ ይገኛል። የአይንስታይን ግንብ ይባላል። ነዳፊው ኤሪክ ሜንደልሶን የተባለው አይሁዳዊ አርክቴክት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሜንደልሶን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦር ግንባር ሳለ በትናንሽ ወረቀቶች ላይ ሕንፃዎችን በቀለም ይነድፍ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ኤርቪን ፍሮይንድሊሽ የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ የአይንስታይንን አስተሳሰብ የሚፈትን የፀሐይ መመልከቻ እንዲሠራለት ፈለገ። የግንቡ ግንባታ በ1922 ዓ.ም. ገደማ ተፈጸመ፤ የሳይንስ ሥራውንም በ1924 ዓ.ም. ጀመረ።

የግንቡ አሠራር እንዲህ ነው። ከአናቱ ላይ ባለው ጉልላት ውስጥ ፀሐይን እየተከተሉ የሚዞሩ መስተዋቶች አሉ። መስተዋቶቹ ብርሃኗን ይቀበሉና በግንቡ መካከል ቀጥ አድርገው ቁልቁል ይልኩታል። ከታች ሌላ መስተዋት ተቀብሎ ወደ ጎን ያዞረውና ከምድር በታች ወዳለው ክፍል ያስገባዋል። በዚያም ብርሃኑ በየቀለሙ ተከፋፍሎ ይመረመራል። የተፈለገው የፀሐይ ስበት በብርሃኗ ቀለም ላይ የሚያደርሰውን እጅግ ጥቂት ለውጥ ማግኘት ነበር። መስተዋቶቹን የተሸከመው የውስጥ ማማ ከውጭው ግድግዳ የተለየ ነው፤ ነፋስ ውጭውን ቢገፋው የውስጡ መሣሪያ እንዳይናወጥ ነው።

እንግዲህ የዚህ ግንብ ብልሃት ያለው በዚህ ውስጠኛ አሠራር ነው። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ግን የውጭ መልኩን ነው። ግድግዳው ማዕዘን የለውም፤ እንደ ለሰለሰ ሸክላ ይታጠፋል፣ መስኮቶቹም በጣት የተወጉ ይመስላሉ። በእውነትም የሚያምር ነው። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። መልኩ ከአንድ ወጥ ኮንክሪት የፈሰሰ ሲመስል፣ አብዛኛው የተሠራው በጡብ ሆኖ ላዩ በልስን የተሸፈነ ነው። ጡብና ልስን አንድ ላይ አልተስማሙም፤ ግንቡ ይሰነጠቅና እርጥበት ያስገባ ጀመር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ጥገና አስፈለገው፤ ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ ታድሷል። ትልልቆቹ የቅርብ ጊዜ እድሳቶች የተፈጸሙት በ1999 እና በ2023 ዓ.ም. ነው። የውስጡ ሐሳብ ጸንቶ ሲኖር የውጩ መልክ ግን ገና ከጅምሩ ሐኪም አላጣም።

ስለ ፖትስዳም የማነሣው ሩቅ አገር ለመጎብኘት አይደለም። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ዓ.ም. ሜንደልሶን ጀርመንን ለቆ ወጣ፤ ኋላም ወደዚህች አገር መጥቶ በኢየሩሳሌም በአንድ የነፋስ ወፍጮ ውስጥ ቢሮውን ከፈተ። እርሱም እንደ እኛ ከአገሩ የወጣ ሰው ነበር። ከከተማችን በስተ ሰሜን በረሖቮት ለኬሚስቱ ለሐይም ቫይዝማን፣ በኋላ የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ለሆኑት ሰው፣ በ1936 እና በ1937 ዓ.ም. ቤት ሠራላቸው። ቤቱን ሄዶ ማየት ይቻላል። በዚያም ግንብ አለ፤ ደረጃውን የያዘ ክብ ግንብ። ነገር ግን እዚህ ላይ ጡብ ኮንክሪት ለመምሰል አይደክምም። ቤቱ በውስጥ ግቢና በውኃ ገንዳ ዙሪያ ተሠርቷል፤ ግድግዳው ነጭ ነው፤ ወደ ውጭ የሚያዩት ክፍተቶችም ጠበብ ያሉ ናቸው፤ የዚህ አገር ፀሐይ ከባድ ናትና። በፖትስዳም ፀሐይን በመሣሪያ የያዘው ነዳፊ፣ በረሖቮት ፀሐይን በግድግዳና በጥላ ያዛት። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይበስላል። ሰው በስደት አገር አየሩን ተመልክቶ ቤቱን ለአየሩ ሲያስተካክል፣ ከአገሩ ያመጣውን ጥበብ አልጣለም፤ ሥራ ላይ አዋለው እንጂ።

በዚያው በረሖቮት በቫይዝማን ኢንስቲትዩት ግቢ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ ሌላ ሕንፃ አለ። በ1976 ዓ.ም. የተሠራው ኮፍለር አክስለሬተር ነው፤ ነዳፊው ሞሼ ሀሬል ይባላል። አክስለሬተር ማለት የአቶም ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያፋጥን መሣሪያ ነው፤ የዚህኛው ኃይል 14 ሚሊዮን ቮልት እንዲደርስ የታቀደ ነበር። መሣሪያው ረጅም ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚቆም ስለሆነ ሕንፃውም ማማ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ነዳፊው የመሣሪያውን ቃል ሰምቷል። ከጎኑ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የሚጠማዘዝ ሁለተኛ ማማ አቁሞ በአናቱ ላይ ትልቅ እንቁላል የሚመስል ነገር አስቀመጠበት። ሕዝቡም ሕንፃውን የሚያውቀው በዚህ እንቁላል ነው።

እንቁላሉ ምን ያደርጋል? ቅንጣቶቹን አያፋጥንም፤ ለመሣሪያው ሥራም አላስፈለገም። መልክ ነው። ሆኖም ፍርዴ እዚህ ላይ ጥቂት ይለዝባል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚሁ ሕንፃ አናት ላይ ክራር የተባለ የከዋክብት መመልከቻ ተተክሎበታል። ስሙ የእኛን ክራር ቢያስታውሰንም የሰው ስም ነው። ስለዚህ ለመልክ ሲባል የተገነባው ከፍታ ኋላ ሥራ አገኘ። ይህም አንድ ነገር ያስተምራል፦ መልክ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ቢዘገይም ሥራ ሊሰጠው የሚያስብለት ሰው ግን ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና የኢንቴል ኩባንያ ሁለት ትልልቅ የቺፕ ፋብሪካዎችን ከፍቷል፤ ፋብ 18ን በ1999 ዓ.ም.፣ ፋብ 28ን ደግሞ በ2008 ዓ.ም.። ፋብ 28 ሲከፈት ይሠራቸው የነበሩት ቺፖች መለኪያቸው 45 ናኖሜትር ይባል ነበር፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ከዚያ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከትንሽ ብናኝም ከትንሽ መናወጥም ጋር አይኖርም። ስለሆነም የቺፕ ፋብሪካ ማለት ከውጭ ፋብሪካ ይምሰል እንጂ በእውነቱ አንድ ትልቅ መሣሪያ ነው። በንጹሕ ክፍሉ ውስጥ አየሩ ከጣሪያው ማጣሪያ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቀዳዳ ባለው ወለል ገብቶ ተጣርቶ ይመለሳል፤ ብናኝ ቢኖር ይዞት እንዲወርድ ነው። መንገድ ላይ የሚያልፍ የጭነት መኪና መሣሪያውን እንዳያነቃንቀው ወለሉ በጣም ወፍራምና ጽኑ ተደርጎ ይሠራል። በብርሃን ንድፍ በሚታተምበት ክፍል መብራቱ ቢጫ ነው፤ በሰሌዳው ላይ የተቀባው ነገር ሰማያዊ ብርሃን ከነካው ይበላሻልና። ሠራተኛው ራሱ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ተሸፍኖ ይገባል፤ በዚያ ቤት ትልቁ የብናኝ ምንጭ ሰው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። በፖትስዳም የውስጡ ማማ ከውጭው የተለየበት ምክንያትና በቂርያት ጋት ወለሉ የተወፈረበት ምክንያት አንድ ነው። ሁለቱም መሣሪያውን ከዓለም ሁከት ይጠብቃሉ። ከመሣሪያ ሥራ መማር በሚባለው ነገር የእኛ ከተማ ፋብሪካ ከአይንስታይን ግንብ አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል። ታዲያ ለምን ማንም ሊያየው አይመጣም?

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከውጭ ምንም አይናገርም። ወደ ጎዳናው ያለው ፊቱ ሰፊ ግድግዳ፣ ቧንቧ፣ አጥርና የመኪና ማቆሚያ ነው። አውቃለሁ፣ ብናኝ ስለሚጠላ መስኮት አይከፍትም፤ ምሥጢርም አለው። ይህን አልነቅፍም። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ረቂቅ ሥራዎች አንዱ በጎረቤታችን እየተሠራ፣ በዚያ በኩል የሚያልፉ ልጆቻችን ግድግዳ ብቻ ሲያዩ ያድጋሉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ሆኗል። አየሩ እንዴት እንደሚወርድ የሚያሳይ አንድ የመንገድ ዳር መስታወት፣ ወይም ቢጫው መብራት የበራበት አንዲት ትንሽ ክፍል ለተማሪዎች ቢኖር ምሥጢር አይወጣም፤ የልጅ ልብ ግን ይነቃል። ፖትስዳም በመልክ አብዝቶ ተናግሯል፤ ቂርያት ጋት ደግሞ በዝምታ አብዝቷል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መሣሪያ ነው። ስለ ተፈጥሮም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በጎንደር ሜዳ ኩይሳ ያላየ የለም። ምስጦች በምራቃቸውና በአፈር የሚገነቡት ያ ቁልል በሌላ የአፍሪካ አገር ለአንድ ትልቅ ሕንፃ ምክንያት ሆኗል። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ሚክ ፒርስ የተባለው አርክቴክት በ1996 ዓ.ም. የተከፈተውን ኢስትጌት የሚባል የገበያና የቢሮ ሕንፃ ሲነድፍ ኩይሳን አስቦ ነበር። በሌሊት ቀዝቃዛው አየር በወለሎቹ ክፍተት ያልፋል፤ ኮንክሪቱም ቅዝቃዜውን ይይዛል። ቀን ሲሆን ሞቃቱ አየር በረጃጅም የአየር መውጫዎች ሽቅብ ይወጣል። በዚህም ምክንያት ሕንፃው እንደ ሌሎች ቢሮዎች ብዙ ማዝጋን አላስፈለገውም።

ነገሩ ግን እዚህ አላበቃም። በ2008 ዓ.ም. ተርነርና ሶር የተባሉ ተመራማሪዎች ኩይሳ ቀድሞ እንደታሰበው ቤቱን እንደማያቀዘቅዝ፣ ይልቁንም በነፋስ መለዋወጥ እንደ ሳንባ እንደሚተነፍስ ጽፈዋል። እንግዲህ ነዳፊው ስለ ምስጥ የነበረው ዕውቀት ሙሉ አልነበረም። ሕንፃው ግን ይሠራል! ለምን? ፒርስ የኩይሳን መልክ በሐራሬ አደባባይ ላይ ስላላቆመ ነው። አየር እንዴት ይሄዳል ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም በገዛ ሕንፃው ላይ ሞከረው። የቁልሉን መልክ በጀሶ ቀድቶ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ሲገለጥ በእጁ የሚቀር ነገር ባልኖረ ነበር።

እዚህ ላይ ስደርስ ያ ዝም ያለችው አያት ትዝ ትለኛለች። የእኛ ጎጆ ምን ነበር? በሁለት ወገን ልመልስ።

በመጀመሪያ ጎጆ ከተፈጥሮ የተማረ ቤት ነው። ክብ የሆነው ለጌጥ አይደለም። በአንድ ልክ ግድግዳ ከማዕዘናም ቤት ይልቅ ክብ ቤት ሰፊ ወለል ያቅፋል፤ ስለዚህ ማገሩና ጭቃው ይቆጥባል። ነፋስም የሚመታው ጠፍጣፋ ፊት ስለማያገኝ ዞሮ ያልፋል። ጣሪያው የሾጠጠው የደጋው የክረምት ዝናብ ሣሩ ላይ እንዳይተኛ ነው። ጭሱ በክዳኑ እየሰረገ ሲወጣ ሣሩንና እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቃል። ጭቃው ከጭድ ጋር የሚቦካው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ነው። ሜንደልሶን በልስኑ ስንጥቅ ሲቸገር፣ እናቶቻችን የጭቃን ስንጥቅ በጭድ ያስታግሱ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ የእጅ ዕውቀት ዕውቀት መሆኑን ለመመስከር ነው።

ሁለተኛ ጎጆ መሣሪያም ነበር። ይህን ከራሴ ልጅነት እናገራለሁ። የቤታችን በር ወደ ምዕራብ ያይ ነበር። ዓርብ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ዝቅ ባለች ቁጥር በበሩ የሚገባው ብርሃን ወለሉን እያቋረጠ ወደ ውስጥ ይጠልቃል። ብርሃኑ ምሰሶው ሥር ሲደርስ እናቴ የምድጃውን ሥራ ትጨርሳለች፤ ሰንበት ሳይገባ እሳቱ መጥፋት አለበትና። የክረምቱና የበጋው ምልክት አንድ አልነበረም፤ ፀሐይ የምትገባበት ቦታ ስለሚለዋወጥ እርሷ ልዩነቱን ከነወራቱ ታውቀው ነበር። ሰዓት በግድግዳችን ላይ አልተሰቀለም፤ ቤቱ ራሱ ሰዓት ነበር። ውጭ ሲሆኑ ደግሞ አባቶች ቆመው የራሳቸውን ጥላ በእግር ይሰፍሩ ነበር። ከቄሶች እግር ሥር ስንማር በመጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት በሮችና የምትገባባቸው ስድስት በሮች እንዳሉ ሰማን። ሕፃን ሳለሁ ይህ እንግዳ አልሆነብኝም፤ ሰማይም እንደ ቤታችን በር አለው ብዬ ተቀበልሁት።

የፖትስዳም ግንብ የፀሐይን ብርሃን በአንድ ቀዳዳ ተቀብሎ ወደታወቀ ቦታ ያደርሳል፤ የእናቴ ጎጆም በትሕትና ይህንኑ ያደርግ ነበር። ልዩነቱ የመለኪያው ርቀት እንጂ የሐሳቡ ዘር አይደለም። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ላይ በተተከሉት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ላይ ያሉት ክብ ክዳኖችም ቢሆኑ ክብ የሆኑት መሣሪያው ወደየአቅጣጫው መዞር ስላለበት ነው። ከሩቅ ያያቸው ሰው ጎጆ ሊላቸው ይችላል፤ እኔ ግን ዝምድናቸውን የምፈልገው በመልካቸው ሳይሆን ክብ በሆኑበት ምክንያት ውስጥ ነው።

እንግዲህ ወደ መደምደሚያው እንምጣ። በየከተማው የቅርስ ክፍሎችና አዳራሾች ይታሰባሉ፤ ወደፊትም ይሠራሉ። ነዳፊዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ መጥተው «ባህላችሁ ምን ይመስላል?» ብለው ይጠይቁናል። እኛም ሥዕል እናሳያቸዋለን፤ እነርሱም ሥዕሉን ይሠሩልናል። የጀሶው ጎጆ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። ጥፋቱም የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። ከእንግዲህ «ቤታችሁ ምን ይሠራ ነበር?» ተብለን እንድንጠየቅ ማድረግ አለብን። ይህ ከሆነ አንድ ነዳፊ ምናልባት ምንም ሣር ሳይከድን፣ ወደ ምዕራብ የተከፈተ አንድ በርና በመካከል አንድ ምሰሶ ብቻ ያለው ክፍል ይሠራልናል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጆች ተሰብስበው ብርሃኑ ምሰሶው ሥር እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ልጁ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ አያቱ ዝም አትልም፤ በጣቷ እያመለከተች ትነግረዋለች።

ነገር ግን ጊዜው አጭር ነው። ጎጆ በገዛ እጃቸው የሠሩ አባቶች፣ ግድግዳ የመረጉ እናቶች ከመካከላችን እያነሱ ነው። ስለዚህ አንባብያንን የምለምነው ይህን ነው። በቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን ጠይቁ፤ በሩ ወደየት ያይ ነበር? ምሰሶው ከምን እንጨት ነበር? ሣሩ በየትኛው ወር ይታጨድ ነበር? ክዳኑ ስንት ዓመት ይቆይ ነበር? ከእያንዳንዱ መልስ በኋላም «ለምን?» በሉ። መልሱን በአማርኛም በዕብራይስጥም ጽፋችሁ ለማኅበራችን ላኩ። ልጆቻችን በቀጠናው ካሉት ፋብሪካዎች አንዱን በመሐንዲስነት ሊነድፉት ይችሉ ይሆናል። ያን ቀን ከአያታቸው ቤት ይዘው የሚሄዱት የፕላስቲክ ሣር ሳይሆን ጥያቄ እንዲሆን እመኛለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።